የባለሥልጣኑ ኪስ

ፀጉር ቆራጭ ነኝ፤ ወሬ አበዛለሁ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ከማዶ ያለው ፀጉር ቤት መሄድ ይችላል፤ እዚያ ያለው ቆራጭ ዝምተኛ ነው፣ ዝም ብሎ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ ሰው ከወንበሬ አስነስቼ አላውቅም፤ ከአንድ ቀን በስተቀር። ወሬዬም የሚጀምረው ከዚያች ቀን ነው።

መጀመሪያ ቤቱን እወቁት። ከፊት ያለው ክፍል ሱቃችን ነው፤ መሐል ለመሐል መጋረጃ ተዘርግቶበታል። ወዲህ የኔ ወንበርና ትልቁ መስታወት፣ ወዲያ የሚስቴ የልብስ ስፌት መኪና። ደንበኞቻችን "ባልየው ከአንገት በላይ፣ ሚስትየው ከአንገት በታች" እያሉ ይቀልዱብናል። እኔ ሰውን ቀኑን ሙሉ የማየው በመስታወት ውስጥ ነው፤ መስታወት ውስጥ ደግሞ ግራዬ ግራ እንደሆነ ይቀራል። እሷ ግን ሜትሯን ይዛ ፊት ለፊት ቆማ ነው የምትለካው፤ በእሷ ግራ በኩል ያለው የደንበኛው ቀኝ ነው። እጇ ስለለመደው አታስብበትም። አንድም ቀን ጎን አሳስታ ኪስ ሰፍታ አታውቅም። እኔ ስጀማምር ከፎቶ ላይ እያየሁ የስንቱን ሰው ፀጉር በተቃራኒው ጎን ከፍዬ ተሰድቤአለሁ።

ያን ቀን ጠዋት ሆዴን ነፋኝ። ጋዝ ነው አልኩ። ረፋዱ ላይ ቀበቶዬን አላላሁ። ከሰዓት በኋላ ባለታክሲው ደንበኛዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አንዱን ጎን ጨርሼለት ወደ ሌላው ስዞር፣ አንድ ሰው አንጀቴን ጨብጦ የጠመዘዘው መሰለኝ። መቁረጫ ማሽኑም እየጮኸ፣ እኔም እየጮህኩ ወለሉ ላይ ተዘረርን። ባለታክሲው ግማሽ ራሱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ጎፍሮ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ አፋፍሶ መኪናው ውስጥ ጨመረኝ። ሚስቴ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ስፒል በጥርሷ እንደነከሰች ከጎኔ ገባች። "አይዞህ" ልትለኝ ብላ ስፒሉን ልትውጠው ነበር። እኔም በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ "መጀመሪያ ትፊው!" ብዬ ጮህኩባት። ሰው ሲሞት እንኳን ጠባዩን አይተውም መሰለኝ።

ስነቃ ሆዴ ላይ ከረጢት ተለጥፏል። ቀዶ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ረጋ ብላ አስረዳችኝ።

"አንጀትዎ ተጠምዝዞ ደም አጥቶ ነበር። የሞተውን ቆርጠን አወጣን። ሁለቱን ጫፎች ወዲያው ብንሰፋቸው ስፌቱ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ የላይኛውን ጫፍ በግራ በኩል ወደ ውጭ አወጣነው። ለጊዜው ሰገራ የሚወጣው በዚህ ነው፤ ከረጢቱ ይቀበለዋል።"

"ለጊዜው ማለት?"

"ሰውነትዎ ሲጠነክር መልሰን እናገናኘው ይሆናል።"

"ይሆናል" የምትለዋ ነገር አልጣመችኝም። እኔ ደንበኛዬን "ጆሮህን አልነካው ይሆናል" ብለው ይቀመጥልኛል? 

በስተቀኜ ያለው አልጋ ላይ ጡረታ የወጡ ዳኛ ተኝተዋል። እሳቸውም ባለከረጢት ናቸው፤ የእሳቸው ምክንያት ግን ካንሰር ነው፣ ከታች በኩል ያለውን መውጫ ጭራሹኑ አንስተውላቸዋል። በስተግራዬ ደግሞ ከሚሠራው ፎቅ ወድቆ ብረት ሆዱን የወጋው ግንበኛ አለ። ሦስታችንም የመጣንበት መንገድ ለየቅል፣ የደረስንበት ግን አንድ ነው። ዳኛው ሳለቅስ ሰሙኝና ወደኔ ዞሩ።

"ሐኪሟ ምን አለችህ?"

"ለጊዜው ነው አለች።"

"ታዲያ ምን ያነፋርቅሃል? እኔ ዕድሜ ልክ ተፈርዶብኝ፣ ይግባኝ እንኳን የለው። አንተ በገደብ የተለቀቅክ ሰውዬ እንቅልፍ ትነሳኛለህ?"

በማግስቱ ባለታክሲው ሊጠይቀኝ መጣ። ኮፍያውን ሲያወልቅ ግማሽ ራሱ እንደተላጨ፣ ግማሹ እንደጎፈረ ነው። "ሌላ ሰው እንዲነካኝ አልፈልግም፣ አንተው ትጨርሰዋለህ" አለኝ። ግንበኛው መጀመሪያ ሳቀ፣ ዳኛው ተከተሉ፣ እኔ ስፌቴን በትራስ ደግፌ "ኧረ አታስቁኝ! ኧረ በናታችሁ!" እያልኩ ሳቅሁ። ከዚያ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ጉር ጉር ብሎ ከረጢቱ ሞቅ አለኝ። ነርሷ ገልጣ አየችና አጨበጨበች። ለዚህ ጉዳይ ሲጨበጨብልኝ ከሕፃንነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ክፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነርሷ አጠባበቁን ልታሳየን ሚስቴን ጠራቻት። "አይዞዎት፣ የወጣው አንጀት እንደ ከንፈር ውስጥ ቀይና እርጥብ ነው፤ ሲነኩት አያምም። በለብ ያለ ውሃ መጥረግ፣ ተለጣፊውን በልኩ መቁረጥ ነው" እያለች ከረጢቱን ላጥ ልታደርገው ስትል እኔ ራሴን ልይዘው አልቻልኩም። አንሶላውን ከሆዴ እስከ ፊቴ ጎትቼ "አትዪኝ! እንዳታዪኝ!" ብዬ ጮህኩ። አንሶላውን ስገልጥ ሚስቴ የለችም። ከኮሪደሩ የለቅሶዋ ድምፅ ይሰማል። አለቀልኝ፣ ተጸየፈችኝ አልኩ።

ቤት ስንገባ ሚስቴ ፍራሿን ጨርቅ ወደምታስቀምጥበት ትንሽ ክፍል ወሰደች። "አንተ እንደ ልብህ ተገላበጥ ብዬ ነው" አለችኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል? ከዚያ ወዲህ ምግቤን ታቀርባለች፣ አንሶላዬን ትቀይራለች፣ ዓይኗ ግን ከአገጬ በታች ወርዶ አያውቅም። ስታወራኝ ግንባሬን እያየች ነው። ድሮ ሸሚዜን ስቀይር እንኳን "ቦርጫም!" ብላ ሆዴን በጥፊ ሳታጮል አታልፍም ነበር።

ከረጢቱን የምቀይረው መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነው። በሩ እርጥበት ስለነፋው ገጥሞ አይዘጋም፤ ሚስቴ "አስጠግነው፣ አስጠግነው" እያለች ስትነዘንዘኝ ኖራለች። ጣት የምታሳልፍ ክፍተት አለችው። ብትኖርስ? በእሷ የሚታየው ከሱቅ ያመጣሁት አሮጌ መስታወት ብቻ ነው፤ እኔ የምቆምበት ቦታ በግድግዳው ተከልሏል። መንጠቆውን አደርግና ሸሚዜን በጥርሴ ይዤ፣ መስታወት እያየሁ ሥራዬን እሠራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የተለጣፊውን ቀዳዳ አስፍቼ እየቆረጥኩ ቆዳዬ ተቃጥሎ እሳት ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ውሃ መክፈቻው አጠገብ ለተቃጠለ ቆዳ የሚሆን ዱቄት ተቀምጦ አገኘሁ። ነርሷ የላከችው መሰለኝ፤ ነስነስ ሳደርገው ተሻለኝ። ጎመን እንደሚያስጮኸኝ፣ ሽንኩርት እንደሚያሸተኝ፣ ምግብ ሳላደቅ ብውጥ እንደሚቆነጥጠኝ ቀስ በቀስ ለየሁ።

ለብቻዬ ስሆን እናወራለን፤ እኔና ሆዴ ላይ የወጣው አንጀት። ስም አውጥቼለታለሁ፤ ባለሥልጣኑ እለዋለሁ። ቀጠሮ አይቀበልም፣ ልመና አይሰማም፣ ሲፈልግ ይናገራል፣ ሲፈልግ ያኮርፋል፣ የተቀበለውን አይመልስም። "እንደምን አደሩ፣ ባለሥልጣን? ዛሬስ ምን ወሰኑ?" እለዋለሁ በሹክሹክታ። አንዳንድ ቀን አለቅሳለሁም። ይህን ስም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለዳኛው እንኳን አልነገርኳቸውም፤ ፍርድ ቤት ያቆሙኛል።

እንዲህ እያልኩ ሰውነቴ ጠና። ሰፈሩን እየዞርኩ እራመዳለሁ። ሱቁ ግን እንደተዘጋ ነው፤ ይህ ደግሞ ምክንያት አለው። ፀጉር ቆራጭ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ፣ የደንበኛው ጆሮ ያለው በትክክል የቆራጩ ሆድ ጋ ነው። ባለሥልጣኑ የሆነ ሰው ጆሮ ላይ መግለጫ ቢሰጥስ? ደግሞም የሚሆነኝ ሱሪ የለኝም። ቀበቶ ከረጢቱን ያጨንቀዋል፣ ስለዚህ ላስቲክ ያለው ቱታ እስከ ደረቴ ስቤ ነው የምውለው። በሰፈሩ ካለኔ ሱሪውን ተኩሶ የሚለብስ ሰው አልነበረም! ሳስበው ያበሽቀኛል።

አንድ ቀን ሚስቴ ክር ልትገዛ ወጣ እንዳለች በሩ ተንኳኳ። ዳኛው ናቸው፤ የራሳቸውን ፎጣ ይዘዋል። ወንበሩ ላይ ያለውን አቧራ በጣታቸው ነካ አድርገው አሳዩኝ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሱቅ ተዘግቷል፣ ዳኛ።"

"ማን ዘጋው? ትእዛዙን አምጣ።" ተቀመጡና ፎጣውን ራሳቸው አንገታቸው ላይ አሰሩ። "ቁረጥ።"

ምን ይደረጋል፣ መቀስ አነሳሁ። እጄ ሥራውን አስታወሰ። ጆሯቸው ጋ ደርሼ ጎንበስ ስል የፈራሁት ደረሰ፤ ሆዴ ረጅም ነገር ተናገረ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

"ተቃውሞው ተመዝግቧል" አሉ ዳኛው ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ቀጥል።"

ወዲያው የእሳቸውም ሆድ ባጭሩ መለሰ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ፤ እየሳቅን እንባችን ወረደ። ሳቁ ሲበርድ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ሥራውን እንደምትችለው አየሁ" አሉኝ። "ግንበኛውም ከረጢቱን ታጥቆ ፎቅ ላይ እየወጣ ነው። የዘጋህ ሌላ ነገር ነው። ምንድን ነው?"

አሁን መዋሸት ምን ይጠቅመኛል? "ሚስቴ ተጸየፈችኝ፣ ዳኛ። ከረጢቱን ችየዋለሁ። እሷን ማጣት ግን አልችልም።"

"ተጸየፍኩህ አለችህ?"

"አላለችም። ግን አንድ ቀን እንኳን አላየችኝም። ክፍሏንም ለይታለች።"

"እሺ፣ አንተስ አሳይተሃታል?"

የወደቀውን መቀስ ከወለሉ አነሳሁ።

"ክርክሯን ሳትሰማ ፈረድክባት ማለት ነው። እኔ እንዲህ ያለ ፍርድ ብሰጥ ከወንበሬ ያወርዱኝ ነበር። ሂድና ጠይቃት!"

"መልሷን እፈራለሁ።"

ዳኛው ትንሽ አሰቡና "እሱስ ያስፈራል" አሉ። ፀጉራቸውን አራግፈው ሄዱ።

አልጠየቅኳትም። ፈሪ ነኝ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ? ቀኑ እንዲሁ አለፈ፣ ሌላውም እንዲሁ። ሚስቴ ግን ያን ቀን ስትመለስ ወለሉ ላይ የቀረውን የዳኛውን ሽበት ጠርጋ ስታበቃ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቀኝ መጋረጃዋ ውስጥ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ጠዋት ማታ አልቆም አለ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ የተጣጠፈ ነገር ወንበሬ ላይ አኖረች። "ሞክረው" አለችኝ፣ ግንባሬን እያየች፤ ተመልሳም ገባች።

ሱሪ ነው። ግራጫ፣ የካውያው መስመር ቀጥ ብሎ የሚቆም። ወገቡ ከፍ ያለ ነው፣ ቀበቶ አይፈልግም፤ ከትከሻ በማንገቻ ይንጠለጠላል። ውስጡን ሳይ ደግሞ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ኪስ ተሰፍቶበታል፤ ከረጢቱ ሲሞላ እንዳይጎትት ከሥሩ የሚሸከም፣ እንዳይታይ የሚያስተኛ። ቁመቱ ልክ፣ ስፋቱ ልክ፣ ክሩ እንኳን ቆዳ እንዳይፈገፍግ ወደ ውጭ የዞረ። ቱታዬን አውልቄ ጥልቅ አልኩበት።

ኪሱ በቀኝ ነው።

ባለሥልጣኑ በግራ በኩል በደረቁ ጨርቅ ተጨፍልቆ፣ የተሠራለት ቤት በቀኝ በኩል ባዶውን ተቀምጧል። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ቀን የዋጥኩት ነገር ባንድ ጊዜ ወጣ።

"አንቺ ሴትዮ! ነይ እስቲ! ለመንገድ ሰው ስትሰፊ ጎን አሳስተሽ የማታውቂ፣ ለባልሽ ሲሆን በየት በኩል እንደተቀደድኩ እንኳን አታውቂም? ምን ያህል ብታስጠላሽ ነው ይቺ ሆድ? አንዴ እንኳን ማየት ያቅትሻል?"

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሱሪውን አየች፤ እጄ የት እንዳረፈ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወይ ጉዴ፣ በግራ ነው እንዴ?" አለች፤ ፊቷ መሬት ትዋጠኝ የሚል የጥፋተኛ ፊት ሆነ። "ይቅርታ፣ ፈትቼ እመልሰዋለሁ" ብላ ሮጣ ገባች። የመኪናው ድምፅ ግን አልተሰማም።

ሱሪውን ላወልቅ ወደ መስታወቱ ዞርኩ። ማንገቻው አንድ ትከሻዬ ላይ ቀርቶ፣ ሸሚዜ ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ ንዴት ያቀላው ሰውዬ ፊት ለፊቴ ቆሟል። ከረጢቱ በግራዬ በኩል ይታያል። እንደ ልማዴ አየሁት፤ ግራ ነው። ከዚያ እንደ ሚስቴ አየሁት። ይህ ሰውዬ ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ ቢሆን፣ እኔም ሜትር ይዤ ፊት ለፊቱ ብቆም፣ በግራዬ ያለው የእሱ ቀኝ ነው።

ቀኝ!

እኔን ራሴን ያየች ሰው ግራ ነው ትል ነበር። ምንም ያላየች ሰው ደግሞ ኪሱን እንዲህ በልኩ አትሠራውም። ቀኝ ነው የምትለው በመስታወት ያየችኝ ብቻ ናት። እስከ ዛሬ ሆዴን ገልጬ የቆምኩበት መስታወት ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ነው፤ እሱም ያ የማይገጥም በር ያለው።

መጋረጃውን ገለጥኩ። መኪናዋ ላይ ተደፍታ፣ መቀሷን ይዛ ተቀምጣለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

መቀሷን አስቀመጠች። "ቤት ከገባህ ጀምሮ" አለች። "ብትወድቅብኝስ? ራስህን ብትስትብኝስ? መንጠቆ አድርገህ ትገባለህ።"

"ዱቄቱስ?"

"እኔ ነኝ። ነርሷን ጠይቄ። ቆዳህ እንዲያ ሲነድ እያየሁ ዝም ልበል?"

"አትዪኝ ብዬሽ ነበር እኮ።"

"አዎ፣ ብለኸኛል።" ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፣ አፏ ግን የድሮው ነው። "ፊት ለፊት አላየሁህም። በመስታወት አትዪኝ ግን አላልከኝም።"

"እና ያቺ ክፍል?"

"የመታጠቢያ ቤቱ በር የሚታየው ከእሷ ነው፣ አንተ ሰውዬ!"

እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አፍሬ እንኳን አልጠረግኩትም። በመጨረሻ "የተጸየፍሽኝ መስሎኝ ነበር" አልኳት።

"ጅል!" አለች።

ሸሚዜን አወለቅሁና ሱሪውን ወደ ታች ገፋ አድርጌ ፊቷ ቆምኩ። ቀዝቀዝ ያለ አየር ሆዴን ነካኝ። "ነይ" አልኳት፣ "ልኬን እንደ ሰው ፊት ለፊት ውሰጂ።"

ሜትሯን ከአንገቷ ላይ ሳበች። ፊቴ ተንበረከከች፤ ዓይኗ ከአገጬ ወረደ፣ ከደረቴ ወረደ፣ እዚያ ደረሰ፤ አልሸሸም። ጣቷ ከረጢቱ ዙሪያ ያለውን ቆዳ በስሱ ዳሰሰች፣ የተቃጠለው መዳኑን ልታይ። በዚህ መሐል ባለሥልጣኑ፣ ከሰዓታት ሁሉ መርጦ፣ ፊቷ ላይ ቁልጭ ያለና የማያልቅ ድምፅ አወጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሚስቴ ራሷን ዝቅ አደረገች።

"እንደምን ዋሉ፣ ባለሥልጣን?" አለችው በሹክሹክታ። "አይቆጡ፣ ኪስዎን ዛሬውኑ ወደ ግራ አዞርልዎታለሁ።"